የሮስኮ ጥያቄዎች

«ከአባባ እግር ሥር ነው የምናስቆፍርለት» አለች ማቪስ፣ የዶሮውን ትሪ በፎይል እየሸፈነች። «ጎኑ ላይ ቦታ የለም። በአንዱ በኩል እማማ አለች፣ በሌላው የኔ ልጅ አለ። እግሩ ሥር ግን፣ ከጥዱ ወዲህ፣ አፈሩ ለስላሳ ነው። ነገ ቆፋሪዎቹን እልካለሁ።»

አርዜላ ማጠቢያው ጋ ቆማ የታጠበ ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች። ባሏ ሮስኮ እሑድ ጧት ለቤተ ክርስቲያን ሲዘጋጅ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀና ሳይል ቀረ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሜምፊስ ያለው ጠባብ ቤታቸው ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ሳሎኑን መዘምራኑ ይዘውታል፣ በረንዳውን ዲያቆናቱ። ወጥ ቤቱ ደግሞ የሰው ድስትና ትሪ ሞልቶታል፤ ኋላ እንዳይጠፋ የየባለቤቱ ስም ሥሩ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል።

«ያ መሬት አሁን በማን ስም ነው?» አለች አርዜላ። እንዲያው ዝም ላለማለት ነበር። ሚሲሲፒ ያለው የፔቲግሩዎች ኮረብታ እስከ ዛሬ ከሟቹ አማቷ ስም እንዳልወጣ ነበር የምታውቀው።

«በማን ይሆናል? የኛው የልጆቹ ነዋ። የሮስኮ ድርሻ እንኳ አሁን የኔ ነው።» ማቪስ የሮስኮ ታላቅ እህት ናት፤ ስታወራ እጇ ሥራ አይፈታም። የፎይሉን ጠርዝ ዙሪያውን በአውራ ጣቷ እየተጫነች ቀጠለች። «አምና ሐምሌ ፈርሞልኝ የለ! ወደዚያ ፍርድ ቤት ከመግባታችሁ በፊት። ‹ማቪስ፣ በስምሽ ይሁን፤ እንግዲህ ማንም እጁን አይሰድበትም› አለኝ። ነፍሱን ይማረው፣ ሁሉን አስቦ ነው የሄደው።»

አርዜላ ብርጭቆውን አስቀመጠችው።

ያን ጊዜ ከኮሪደሩ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር አካባቢ፣ ድምፁን ሰማችው። የሮስኮ የራሱ ወፍራምና ሣቅ ሣቅ የሚለው ድምፅ አልነበረም። ሌላኛው ነበር፤ የፍርድ ቤቱን ሰው ሲያስመስል በአፍንጫው የሚያወጣው ቀጭን ድምፅ።

*ወይዘሮ ፔቲግሩ፣ በቅርብ ዓመታት ለማንም ሰው የሰጡት ወይም ያዛወሩት ንብረት አለ?*

«አንቺ ልጅ፣ መልክሽ ጠፋ እኮ» አለች ማቪስ። «ተቀመጪ። ከእሑድ ወዲህ እህል ቀምሰሻል?»

አርዜላ ተቀመጠች። ጎረቤቷ ኮራ በክንዷ አንድ ኬክ፣ በብብቷ ሌላ ኬክ ይዛ ገባችና የፍሪጁን በር በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው።

«ሁሉንም አስገብተሻል?» አለቻት።

አርዜላ ብድግ አለች። «ምን?»

«ምግቡን ነዋ፣ እህቴ። ክሬም ያለበት ውጭ ካደረ ይበላሻል ብዬ ነው።»

«አላውቅም» አለች አርዜላ። «እኔ አላየሁም። እሱ ነው የሞላው።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሐዘን ነው ብለው አለፉት።

ሮስኮ የወንበር ልብስ ሰፊ ነበር። ሶፋ፣ የመኪና መቀመጫ፣ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ፣ ሰው የሚቀመጥበት ነገር ሁሉ እጁን አይቷል። የከተማው ምእመን ግማሹ በሱ ስፌት ላይ ተቀምጦ ነው የሚጸልየው ይባል ነበር። እሱም እንግዳ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ከመጸለዩ በፊት አግዳሚውን በመዳፉ ይዳብሳል፣ ስፌቱ የሌላ ሰው ከሆነ ቅንድቡን ያነሳል። ልቡ የቆመች ጊዜ ሆስፒታሉ መልሶ አስነሳት፤ ሒሳቡ ግን የስፌት ሱቁን ዘጋው። ሱቁን ለማቆየት በባንክ ካርድ የተበደረው ደግሞ በላዩ ተጨመረ። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ስልክ ዕረፍት አልነበረውም። ሮስኮ ያነሳና አዝኖ በረጅሙ ይተነፍሳል፦ «ሮስኮ? ውይ፣ አልሰማችሁም? ሮስኮ እኮ ሞቷል።» ዘግቶ አርዜላን ይጠቅሳታል። «ቀብሬን ብዙ ሰው እንዲመጣ እየጠራሁ ነው» ይላታል። እሷም ትስቅ ነበር።

መክሰራቸውን በፍርድ ቤት አስመዝግበው ከዕዳው ነፃ መውጣት እንደሚችሉ የነገራቸው የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር ነበር። ጠበቃ እንዲይዙም መከራቸው። ሮስኮ አንድ ቢሮ ሄዶ ዋጋ ጠየቀና ባርኔጣውን ሳያወልቅ ተመለሰ።

«ለመክሰሬ ደግሞ ልክፈል እንዴ?» አለ። «ገንዘብ ቢኖረኝ መች እከስር ነበር?»

ሰው ሁሉ የሰማው ይህን ቀልድ ነው። ማታ አልጋው ላይ ግን ጣሪያውን እያየ ሌላውን ነገራት። «አባቴ ጠበቃ ነበረው፣ ዜላ።»

ታሪኩን ታውቀዋለች። ሮስኮ ገና ጢም ሳያወጣ፣ አባቱ ኤዝራ ለዘርና ለትራክተር ተበደረ። ጠበቃው ከከተማ ወረቀት ይዞ መጣ፣ የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋው፣ «እዚህ ጋ» ብሎ በጣቱ አሳየው። ኤዝራ ፈረመ። በሚቀጥለው ዓመት ወንዝ ዳሩ ያለው ጥቁር አፈር፣ ጥጡና በቆሎው፣ የሌላ ሰው ሆነ። የቀረላቸው ኮረብታው ብቻ ነበር፤ መቃብርና ጥድ ያለበትን ዳገት የሚያርስ ሰው ስላልነበረ። ከአባቱ አጠገብ ቆሞ እስክሪብቶውን ያቀበለው ሮስኮ ነበር።

ስለዚህ ወረቀቱን ራሱ ሞላው። የብርዱን ወራት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ አነበበ። ማንም ሰው መግባት ይችላል ሲሉት ደግሞ ወደ መሃል ከተማ እየሄደ፣ የከሰሩ ሰዎች የሚጠየቁበት አዳራሽ ኋላ ወንበር ላይ እየተቀመጠ፣ የሌላውን ሰው ምርመራ አዳመጠ። የሚጠይቀው ዳኛ አይደለም። ያለህን ሁሉ መርምሮ፣ የሚሸጠውን ሸጦ ለአበዳሪ የሚያከፋፍል፣ ባለአደራ የሚሉት ሰው ነው።

«ቀጭን ፈረንጅ ነው፤ ከረሜላ ይመጥጣል» አላት ሮስኮ። «ቀና አይልም። ሰው ሲዋሽ ብቻ ነው ቀና የሚለው። በምን እንደሚያሸተው እንጃ!»

ከዚያ ማታ ማታ ያለማምዳት ጀመር። የሷን መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ የመታጠቢያ ካባውን እንደ ኮት ቆልፎ፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። «ወይዘሮ ፔቲግሩ፣ ከመፈረምዎ በፊት ማመልከቻውን አንብበዋል? የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው? ያለዎትን ንብረት በሙሉ አስገብተዋል?» እሷ በሣቅ ስትፈርስ ጠረጴዛውን በማንኪያ ይመታል። «ሥርዓት ይከበር!»

አንዷ ጥያቄ ላይ ግን ይፈጥናል። ስለ መስጠትና ስለ ማዛወር የሆነችዋ። «እሷን ‹የለም› ብለሽ ማለፍ ነው» ብሎ ውሃ ሊቀዳ ይነሳል። በሄደ ቁጥር ጀርባውን ታየዋለች። አንድ ማታ «የለም ወይ?» አለችው። ቧንቧውን ከፍቶ ስለነበር አልሰማም፤ ወይም ያልሰማ መሰለ። እሷም አልደገመችውም። ጥር ላይ ሁለቱም ፈርመው አስገቡ። የምርመራው ቀን ለየካቲት፣ ለዚህ ሐሙስ ተቀጠረ።

ረቡዕ ጧት ሰው ሳይበዛ ወደ ፍርድ ቤቱ ደወለች። ጸሐፊዋ ድምፀ መልካም ናት።

«ባለቤቴ ሞቷል» አለች አርዜላ። «ሐሙስ ቀጠሮ አለን። መምጣት አለብኝ ወይስ ይራዘምልኛል?»

«ውይ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እማማ። ግን ማድረግ ያለብዎትን ልነግርዎት አልችልም። እኛ የሕግ ምክር አንሰጥም።»

«ምክር አይደለም እኮ የኔ ልጅ። ልምጣ ወይስ ልቅር ነው ያልኩሽ።»

«እሱ ራሱ ምክር ነው፣ እማማ። ጠበቃ ያማክሩ።»

እጇ ላይ ያለው መጥሪያ ደግሞ ያልቀረበ ሰው ጉዳዩ ሊዘጋበት እንደሚችል በደማቁ ይናገራል። አርዜላ ስልኩን ሳትዘጋ ቆየች። ባስቀመጠችው ቅጽበት መልሶ ጮኸ። አንድ ጉሮሮው የሻከረ ሰው ሮስኮ ፔቲግሩን አገናኚኝ አለ። ማመልከቻው ከገባ ወዲህ አበዳሪዎቹ መደወል አቁመው ነበር፤ ይሄኛው ሳይሰማ የቀረ መሆን አለበት።

«ሮስኮ ሞቷል» አለችው።

ሰውዬው ሣቀ። ክፉ ሣቅ አልነበረም፤ እንደ ድሮ ወዳጅ ነው የሣቀው። «አውቃለሁ፣ እመቤቴ። አምና ራሱ ነግሮኛል።»

አርዜላም ሣቋ መጣ። አፏን ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ሣቀች። ሣቁ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ ሰውዬው ገባው መሰል ስልኩን ዘጋው። ከኋላዋ፣ የስፌት መኪናው ካለበት ክፍል፣ ድምፁ መጣ። *ሥርዓት ይከበር!* ዞር አለች። መኪናው ላይ የተጋደመ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ አለ፤ መርፌው አንዷ ስፌት ላይ እንደወረደ ቀርቷል።

ከቀትር በኋላ ማቪስ ስትመጣ ወደ መኝታ ቤት ጎትታ አስገባቻትና በሩን ዘጋችው። አልጋው ላይ የለቅሶ ደራሾች ኮት ተቆልሏል። ሁለቱም ቆመው ቀሩ።

«ነገ ይጠይቁኛል» አለች አርዜላ። «ለማንም የሰጣችሁት ነገር አለ ወይ ይሉኛል። እጄን አስነስተው፣ አስምለው ነው የሚጠይቁኝ።»

«እሺ?»

«ወረቀቱ ላይ የለም። የመሬቱ ነገር የትም የለም፣ ማቪስ። እኔ ፈርሜበታለሁ።»

«እሱ ምን በይ አለሽ?»

«የለም በይ ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው የለም በያ!» ማቪስ እጇን አወናጨፈች። «ምን ያስጨንቅሻል? ሆድሽ ውስጥ ገብቶ የሚያይ አለ?»

«ያዛወረበት ወረቀት እኮ ሚሲሲፒ መዝገብ ቤት ተቀምጧል። ሄዶ ላየ ሁሉ ይታያል።»

«ማን ሄዶ ያየዋል? ለዚያች ለጉብታ?» ማቪስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከበሩ ወዲያ መዘምራኑ በጉሮሯቸው እያዜሙ ነበር። «ብትናገሪ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?»

«ሊያስመልሱት ይችላሉ። ሊሸጡትም ይችላሉ። ሮስኮ ራሱ አንብቦልኛል፤ ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ መስሎኝ ነበር።»

«ልጄ እዚያ ነው ያለው፣ አርዜላ።» ማቪስ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ሎኒ። ይህን ክንዴን የምታክል ሳጥን ነበረች። አንቺ ያኔ ገና አልመጣሽም ቤታችን። ያቺን ሳጥን ተሸክሞ ዳገቱን የወጣው ሮስኮ ነው፤ የልጁ አባት ጥሎኝ ስለሄደ። እንግዲህ ያንን ነው የምትሸጪው? ለሆስፒታል? ወንድሜስ? ገና አፈር ሳይቀምስ፣ ሳጥን ውስጥ እያለ፣ ሄደሽ ባሌ ዋሾ ነበር ልትያቸው ነው?»

አርዜላ ከአልጋው የወደቀ ኮት አንስታ ቁልሉ ላይ መለሰች። ተናዳ ነበር፤ በማቪስ ሳይሆን በሱ። ይሄን ሸክም ይዞ ሳቅ እያለ፣ ማንኪያ እየመታ፣ የብርዱን ወራት ሙሉ እንዴት አብሯት እንደተቀመጠ። ብትጠይቀው ኖሮ ይነግራት ነበር ይሆን? አባቱ በወረቀት መሬቱን ሲያጣ አይቶ፣ አሁን እሷን በወረቀት አስሯት ሄደ። ንዴቷን ደግሞ የምትነግረው ሰው ሬሳ ቤት ነው ያለው።

በዚያ ሌሊት ድምፁ አላስተኛትም። ከአልጋው ማዶ፣ እሱ ይተኛበት ከነበረው በኩል፣ ጥያቄዎቹን በየተራቸው ይጠይቃታል። እዚያችኛዋ ላይ ሲደርስ አይፈጥንም። ይቆማል። መልስ የሚጠብቅ ሰው ትንፋሽ ይሰማታል።

ሐሙስ ጧት ኮራ በመኪናዋ አደረሰቻት። ለምን እንደምትሄድ ከማቪስና ከኮራ በቀር ለማንም አልነገረችም። አዳራሹ መስኮት የለውም። ሰዉ እንደ ክሊኒክ ተራ በረድፍ ተቀምጧል፤ አብዛኛው አጠገቡ ጠበቃ አለው፣ ጠበቆቹ ደግሞ እርስ በርስ ስለ ኳስ ያወራሉ። ፊት ለፊት፣ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ፣ ያ ቀጭን ሰውዬ ከረሜላ ይመጥጣል። አርዜላ ስታየው፣ ሮስኮ በጣም በትክክል አስመስሎት ስለነበር ሰውዬው ሮስኮን የሚያስመስል መሰላት።

«ሮስኮ ፔቲግሩ እና አርዜላ ፔቲግሩ።»

ብቻዋን ሄደች።

«ባለቤትዎስ?» አለ ባለአደራው ቀና ሳይል።

«ሞቷል። ቅዳሜ ነው የምንቀብረው።»

የጠበቆቹ ወሬ ቆመ። ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ወይዘሮ ፔቲግሩ፣ ምነው ቢደውሉ? እናራዝምልዎት ነበር እኮ።»

«ደውዬ ነበር። የሕግ ምክር አንሰጥም አሉኝ።»

ሰውዬው ለትንሽ ጊዜ ግንባሩን አሸው። «ዛሬ እንዲህ ሆነው አልጠይቅዎትም። ወደ ሚቀጥለው ወር ላዛውረው። ይሂዱ፣ ባልዎን ይቅበሩ።»

ሰውዬው ሊሰጣት የሚችለው ትልቁ ደግነት ይህ ነበር፤ እግሯም ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ቅዳሜን አሰበች። ኮረብታው ላይ ቆማ፣ ሳጥኑ ሲወርድ፣ ያቺ ጥያቄ ጆሮዋ ላይ እንደተንጠለጠለች። ከዚያ አንድ ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት ከትራሱ ማዶ ያ ትንፋሽ።

«አይ» አለች። «አሁኑኑ ይጠይቁኝ።»

እጇን አንስታ ማለች። ጥያቄዎቹ ሮስኮ ባሰለፋቸው ተራ መጡ። አንብበዋል? አዎ። እውነት ነው? እዚህ ላይ አመነታች። «ቆይተው ቢጠይቁኝ» አለች። ሰውዬው ቀና አለ።

«ለማንም የሰጣችሁት፣ ያዛወራችሁት ንብረት አለ?»

ሮስኮን ጠበቀችው። ቀጭኑ ድምፅ አልመጣም፣ ወፍራሙም አልመጣም። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የማሞቂያው ጉርምርምታ ብቻ ነበር።

«አዎ» አለች። «ባሌ ሚሲሲፒ ያለውን የአባቱን መሬት ድርሻ አምና ለእህቱ አዛውሯል። ገንዘብ አልተቀበለበትም። ወረቀቱ ላይ አልጻፍነውም።»

«ለምን አልጻፋችሁትም?»

እሱ ነው የሞላው ማለት ትችል ነበር። እውነትም ነበር። የሞተ ሰው አይከሰስም።

«ሁለታችንም ፈርመናል» አለች። «ሁለታችንም ነን።»

ሰውዬው ረጋ ብሎ ጠየቃት። ድርሻው ምን ያህል ነው? ከስድስት ልጆች የአንዱ። ሌሎቹ የት ናቸው? አንዱ ቺካጎ ሄዶ የገባበት አይታወቅም፣ ሦስቱ ሞተው ድርሻው የልጆቻቸው ነው። ይታረሳል? አይታረስም።

«ምን አለበት ታዲያ?»

«ጥድ አለ» አለች አርዜላ። «መቃብር አለ። ቅዳሜ ደግሞ እሱ ይገባበታል።»

ሰውዬው ብዙ ጻፈ። የዝውውሩን ወረቀት እንድትልክለት፣ ማመልከቻውንም እንድታስተካክል ነገራት። «ቃል ልገባልዎት አልችልም፣ ወይዘሮ ፔቲግሩ። ማየት ግዴታዬ ነው» አላት። ከዚያ ልማድ ሆኖበት «ጠበቃ ቢያማክሩ ጥሩ ነው» አለና ራሱ አፍሮ አቀረቀረ።

ቤት ስትደርስ ማቪስ ምድጃው ላይ ነበረች። አርዜላ ኮቷን ሳታወልቅ እዚያው ሰው ሁሉ እየሰማ ነገረቻት። «ተናገርኩ» አለች። «ጠየቁኝ፣ ተናገርኩ።»

ማቪስ እሳቱን አጠፋች። ሽርጧን ፈታች። ከድስቶቹ መሃል የራሷን፣ ጎመን የተቀቀለበትን ትልቁን ድስት፣ እንደ ጋለ በሁለት ጨርቅ ያዘችውና ሳሎኑን ሰንጥቃ፣ በመዘምራኑ መሃል፣ በዲያቆናቱ መሃል፣ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ እየተነፋ ወጣች። መኪናው ውስጥ የፊት መቀመጫው ላይ አስቀመጠችው። ቀበቶ ስታስርለት በመስኮት አዩዋት። ሊስቅ የደፈረ አልነበረም።

«ደሞ ያ ጎመን ጥሩ ነበር» አለ አንድ ሽማግሌ ዲያቆን፣ ቆይቶ።

በዚያ ማታ አርዜላ ጆሮዋን ጥላ ጠበቀች። ከኮሪደሩ ምንም የለም። ከስፌቱ ክፍል ምንም። አልጋው ላይ ወጥታ፣ በሱ በኩል ዞራ፣ መብራቱን አጥፍታ፣ በገዛ አፏ በሹክሹክታ «ወይዘሮ ፔቲግሩ፣ ከመፈረምዎ በፊት አንብበዋል?» አለች። የራሷ ድምፅ ነበር። ደግማ ሞከረች፣ በአፍንጫዋ። ማንም አልመጣም። እሑድ ጧት ጫማው ጋ ተደፍቶ ያገኘችው ጊዜ እንኳ እንደዚህ ብቻዋን አልነበረችም። ያን ጊዜ ነው ትራሱን ታቅፋ፣ አብራት ያደረችው ኮራ ከሳሎኑ ሶፋ እስክትነሳ ድረስ የጮኸችው።

ዓርብ ሬሳው ለስንብት ሲቀመጥ ማቪስ በአንደኛው በኩል ቆመች፣ አርዜላ በሌላው። ሰው መሃላቸውን አልፎ እየተሳለመ ሄደ። ቃል አልተለዋወጡም። አርዜላን የበላት አንድ ሐሳብ ነበር። ማቪስ ቆፋሪዎቹን መልሳቸው ቢሆንስ? ነገ ይህን ሁሉ ሕዝብ አስከትላ ሄዳ ኮረብታው ላይ ያልተቆፈረ ሣር ቢጠብቃትስ? መጠየቅ ግን አልቻለችም።

ቅዳሜ ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። መኪኖቹ መብራታቸውን አብርተው የሚሲሲፒን ድንበር ተሻግረው፣ ከአስፋልቱ ወጥተው፣ ድሮ የኤዝራ የነበረውን ወንዝ ዳር እርሻ በግራ እያዩ ሄዱ። አርዜላ አንገቷን አስግጋ ወደ ላይ ተመለከተች። ከጥዱ ወዲህ ቀይ አፈር ተቆልሏል። ተቆፍሯል። ያውም ጠርዙ እንደ ስፌት የቀና፣ በደንብ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር።

የኋላ የኋላ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ባለአደራው መሬቱን እንደተወው አስታወቃት። የስድስት ወራሽ የሆነ፣ መቃብር የሞላበት ዳገት፣ ከዚያ ላይ አንድ ስድስተኛውን ድርሻ የሚገዛ ሰው የለም፤ ከመጀመሪያውም ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የሚነካው አልነበረም። ዕዳውም ተሠረዘላት። አርዜላ ያን ቀን ለረጅም ሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ሮስኮ ባልነበረ ነገር ፈርቶ፣ የፈራውን ብቻውን ይዞ እንደሞተ ስታስብ ዋለች። ያን ቅዳሜ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ሳጥኑን ነገ የማን እንደሚሆን በማይታወቅ አፈር ውስጥ አወረዱት። ፓስተሩ ጸለየ፣ መዘምራኑ ዘመሩ፣ ነፋሱ ድምፃቸውን እየነጠቀ ወደ ወንዙ ወሰደው። የሎኒ መቃብር ድንጋይ ትንሽ ናት፤ ማቪስ እሷን በእግሯ ከልላ ቆማ ነበር።

ሰዉ ቁልቁል ወደ መኪናው ሲወርድ አርዜላ ቀረች። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ራቅ ብለው ይጠብቃሉ። ከኋላዋ ጭቃ ሲረገጥ ሰማች፤ ዞር አላለችም።

ማቪስ ፊት ለፊቷ መጥታ ቆመች። ዓይኗ አብጧል። ከሐሙስ ወዲህ ይህን ያህል አልተቀራረቡም። አርዜላ ጧት ማን እንዳለበሳት አታውቅም፤ ኮቷ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነፋሱ ቀሚሷን ይመታዋል። ማቪስ ጓንቷን አውልቃ በጥርሷ ያዘችው። ከዚያ ከአንገቷ ጀምራ፣ ዓይኗን ሳታይ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትቆልፍላት ጀመር። ጣቷ በብርድ ደንዝዟል። ታች ስትደርስ አንድ ቁልፍ ቀዳዳ አጥታ ቀረች፤ ከላይ ስትጀምር ስታለች። ሁለቱም ያቺን ቁልፍ አዩአት። ማቪስ ልታስተካክለው እጇን አነሳችና ተወችው፤ ጓንቷን ከጥርሷ ወስዳ፣ ዞራ ዳገቱን ወረደች።

አርዜላ ኮቷን አላስተካከለችውም። ኮሌታዋ በአንድ በኩል እንደተጣመመ፣ ቆፋሪዎቹን ጎንበስ ብላ ተሰናብታ፣ ማቪስን ተከትላ ወረደች። የቀብሩ ምሳ ላይም፣ እስከ ሜምፊስ በመኪናው ውስጥም፣ እንደዚያው ተቆልፋ ሄደች።